“አንድ ያረጀ ሳጥን” ስለተባለው ቴሌቪዥናችንና ሸክላ ማጫወቻችን

ለተከበሩ የቅጥር ግቢው ንብረት አስተዳደር ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ፣ የቤተሰብዎ ጤና፣ በተለይም የወገብዎ ጤና እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎን ለይቼ የጠየቅኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፉት አሥራ አንድ ወራት ቢሮዎ ደጃፍ በተመላለስኩ ቁጥር ጸሐፊዎ “ስብሰባ ላይ ናቸው” ስትለኝ፣ ይህን ያህል ተቀምጦ የሚውል ሰው ወገቡ እንዴት ይችለዋል እያልኩ ስጨነቅ ስለከረምኩ ነው።

እኔ በሦስተኛው ሕንፃ ምድር ቤት የሚገኘው የጡረተኞች ክፍል ጸሐፊ ነኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሠላሳ አንድ ዓመት ማተሚያ ቤት ውስጥ በአራሚነት ስለሠራሁ ሰዎች “እትዬ አራሚ” ይሉኛል። ደመወዝ ይከፈለኝ የነበረው ለመጠራጠር ነው፤ ደህና የሚመስለውን መስመር እንኳ ሁለት ጊዜ ሳላየው አላልፍም ነበር። ክቡርነትዎ ይህን አመሌን አስቀድመው ቢያውቁት ኖሮ ምናልባት ለሁለታችንም ይሻል ነበር። ደብዳቤዬንም ሰው ሁሉ እንዲያነበው አድርጌ የጻፍኩት፣ በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው ስድስት ደብዳቤዎች የውሃ ሽታ ሆነው ስለቀሩ ነው።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ስል ከሥሩ ልጀምር። ክፍላችን በየቀኑ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ክፍት ነው። መዝገባችን ላይ ሃያ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ከግድግዳዎቹ አንዱን ሙሉ በሙሉ የያዘው፣ ወደ ልጆቿ ዘንድ የሄደች አንዲት አባላችን ትታልን የሄደችው፣ ባለ አራት እግር ትልቅ የእንጨት ዕቃ ነበር፦ መሐሉ ላይ መስታወቱ ወደ ፊት ያበጠ ቴሌቪዥን፣ በግራ በኩል ክዳኑ ሲነሳ ሸክላ ማጫወቻ፣ በቀኝ ሬዲዮ፣ ከሥር ደግሞ በጨርቅ የተሸፈኑ ሁለት ድምፅ ማጉያዎች። እንደ አብዛኞቻችን እሱም ከተነሳ በኋላ እስኪሞቅ ድረስ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ያስፈልጋል። ቴሌቪዥኑን ለእግር ኳስ እንከፍተዋለን፤ ሰው የሚመጣው ግን ለሸክላው ነበር።

መርፌውን ሸክላው ላይ እንዲያስቀምጥ የሚፈቀድለት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አርባ ዓመት አገር አቋራጭ አውቶቡስ የነዳው፣ ሁላችንም “ካፒቴን” የምንለው ወዳጃችን። ባለቤቱ በሕይወት ሳለች ሁለቱ አብረው ይመጡ ነበር። ካረፈች በኋላ ብቻውን እየመጣ፣ እሷ ትወደው የነበረውን ሸክላ ያጫውትና አንዲት ቃል ሳይናገር እስከ መጨረሻው ይሰማዋል፤ ከሰው ጋር ማውራት የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነበር። ይህን ለክቡርነትዎ መንገሬ እንዲያዝኑ ብዬ አይደለም፤ ከዚህ በታች በቁጥር የማቀርባቸው ቅሬታዎች ስለ እንጨትና ስለ ሽቦ ብቻ እንዳይመስሉዎት ነው።

1. ስለ ፍጥነትዎ ላመሰግንዎ። ከአሥራ አንድ ወር በፊት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሸክላው እየተጎተተ ሄዶ ዘፋኙ የሚያዛጋ ሰው መሰለ። ቴሌቪዥኑን ብንከፍተው ደግሞ መሐሉ ላይ አንዲት ነጭ መስመር ብቻ አሳየን። ከአባሎቻችን አንዱ የስልክ መስመር ሠራተኛ የነበረ ነው፤ የጀርባውን ክዳን ፈትቶ ካየ በኋላ “ቀላል ነገር ነው፣ ለኔ ተዉት” አለ። እኛ ግን ደንብ አክባሪዎች ስለሆንን ብልሽቱን ለቢሮዎ አሳወቅን፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላም “ባለሙያ ያልሆነ ሰው የጋራ ንብረት እንዳይነካ” የሚል ወረቀት የያዙ ሁለት ተሸካሚዎች በሩ ላይ ቆሙ። የደረጃችንን አምፖል ለመቀየር ሰባት ወር የፈጀበት መሥሪያ ቤት በሁለት ሰዓት ከች ሲል፣ የእኔ ቢጤ ሰው ያኔውኑ መጠርጠር ነበረበት። እኔ ግን አጨበጨብኩ። የሰጡኝ ደረሰኝ “አንድ ሳጥን” ይላል። ይህ ሳጥን አይደለም፣ ቴሌቪዥንና ሸክላ ማጫወቻ ነውና ተዘርዝሮ ይጻፍልኝ ብዬ አቤት ብል፣ ጸሐፊዎ ደረሰኙን ተቀብላ “አንድ ያረጀ ሳጥን” ብላ አስተካክላ መለሰችልኝ። ስለ ዝርዝሩ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

2. መልስ አጥተው ስለማያውቁም ላመስግንዎ። በመጀመሪያው ወር “ባለሙያው እየመረመረው ነው” ተባልን። በሦስተኛው ወር “የጎደለው ዕቃ ከውጭ አገር ታዟል”፤ በአምስተኛው “ባለሙያው ታሟል”። በስድስተኛው ወር ክቡርነትዎ ራስዎ በደግነት ተቀበሉኝ፣ ወንበር ሳቡልኝ፣ ሻይ አዘዙልኝ፤ ከዚያም ድምፅዎን ዝቅ አድርገው “እትዬ፣ በእኔና በእርስዎ መካከል ይቅርና፣ ይህ ጋሽ ሽቦ የሚባለው ጠጋኝ የሚያስተማምን ሰው አይደለም፤ የውስጡን ዕቃ እያወጣ ሳይሸጠው አልቀረም፤ እኛም እየተከታተልነው ነው” አሉኝ።

ሄጄ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ አየሁት። ጋሽ ሽቦ ማለት ከግቢያችን ጀርባ ደረጃ ሥር ሬዲዮ የሚጠግን፣ ቅጽል ስሙን ከቁመናው ያገኘ ቀጭን ሰውዬ ነው። ከኋላው በአንሶላ የተሸፈነ ትልቅ ነገር ቆሟል። እሱም ዓይኑን ወደ መንገዱ ጣል አደረገና መጋረጃውን ሳበው። በቃ፣ ለእኔ ይህ በቂዬ ነበር፤ ንጹሕ ሰው መጋረጃ ምን ያደርግለታል? በዚያው ዕለት ባማረው እጅ ጽሑፌ “ጥንቃቄ! ጋሽ ሽቦ የተረከበውን የሰው ዕቃ አይመልስም” ብዬ ጽፌ፣ ስሜን ሳላሰፍር በሦስቱም ሕንፃዎች መግቢያ ላይ ለጠፍኩት። ክቡርነትዎ ለጥፊ አላሉኝም። በማግስቱ በዚያ በኩል ሲያልፉ ግን ቆመው እንዳነበቡትና ፈገግ እንዳሉ የበር ጠባቂው ነግሮኛል።

3. ባዶ ስለሆኑት ወንበሮቻችን። ክፍላችን ያለ ሸክላው የሐኪም ወረፋ መጠበቂያ መሰለ። ሃያ ሦስት የነበርነው አሥራ አራት፣ ከዚያ ዘጠኝ፣ ከዚያ አምስት ሆንን። ካፒቴን ለሁለት ሳምንት ያህል እየመጣ፣ ዕቃው ቆሞበት የነበረውን ከሌላው ወለል ይልቅ የነጣ ቦታ እያየ ተቀመጠ። በሦስተኛው ሳምንት ሴት ልጁ ዘንድ፣ የሰባት ሰዓት መንገድ ርቆ ሊኖር መሆኑን ነገረን። ለምን ብለን ብንጨቀጭቀው “ምን ልሠራ እዚህ እቀመጣለሁ? የእናንተን ሳል ልሰማ?” አለን። ሳቅን። እሱ አልሳቀም። ቤቱን ሌሎች ሰዎች ተከራዩት።

ክቡርነትዎ ደግሞ በዚሁ ጊዜ ስለ ደኅንነታችን አስበው በየወሩ ደብተር የያዘ ሠራተኛ እየላኩ አስቆጠሩን። እንግዳ ተቀባይ ሰዎች ነንና ባገኘነው ደስ ባለን ነበር፤ ሠራተኛው የሚመጣው ግን በስምንት ሰዓት፣ እኛ የምንከፍተው በዘጠኝ ሰዓት ነው። በተቆለፈ በር መስታወት አሻግሮ አይቶ ዜሮ ጽፎ ይሄዳል። አንድ ቀን ቀደም ብዬ ደርሼ ያዝኩትና “ልጄ፣ አንድ ሰዓት ብትቆይ ሰው ታገኛለህ” ስለው፣ “እናቴ፣ የታዘዝኩት በስምንት ሰዓት ነው” ብሎ አንገቱን ደፋ። እሱን አልወቅሰውም። ሰዓቱን የመረጠለትን ሰው ግን አደንቃለሁ።

4. ስለ ደብዳቤዎ አጻጻፍ። ባለፈው ወር በራችን ላይ ባለ ማኅተም ወረቀት ተለጥፎ አገኘን። ክፍሉ “ተጠቃሚ በማጣቱ” በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ተለቅቆ የመዝገብ ማስቀመጫ እንዲሆን የበላይ ቢሮ ፈቅዷል ይላል። ከአምስታችን አንዷ፣ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ነርስ፣ ቆማ አነበበችውና ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። እኔ ቀይ እስክሪብቶዬን አወጣሁ። አራት የፊደል ግድፈት አግኝቼ በልማዴ አረምኩ። ከዚያ ዓይኔ የመጀመሪያው መስመር ላይ ተተከለ። መስመሩ ክቡርነትዎ ክፍሉ ይሰጠን ብለው ለበላይ ቢሮ የጻፉበትን ቀን ይጠቅሳል። ቀኑን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ መነጽሬን ጠርጌ ደገምኩት፤ ከዚያም በየቀኑ ስንገባ የምንፈርምበትን መዝገብ አውጥቼ አስተያየሁት።

ዕቃችን የተበላሸው ክቡርነትዎ ያን ደብዳቤ ከጻፉ ከአሥራ ዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። “ተጠቃሚ ያጣ” ባሉት ክፍል ውስጥ ደብዳቤውን በጻፉበት ዕለት ሃያ አንድ ሰዎች ፈርመው ገብተዋል፤ የቀሩት ሁለቱ ጉንፋን ይዟቸው ነበር። ዕቃውን ክቡርነትዎ ሰበሩት ብዬ አልጠረጥርም፤ ያን ያህል የሚሠሩ ሰው አይመስሉኝም። ብልሽቱ በራሱ ጊዜ መጣልዎት፣ እርስዎም ሲጠብቁት እንደከረሙት ዘመድ ተቀበሉት።

5. ስለ ጋሽ ሽቦ። በማግስቱ ጠዋት እኔ፣ ነርሷና የስልክ መስመር ሠራተኛው ሱቁ ሄድን። ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማታስቆም፣ ሬዲዮዎች እስከ ጣራ የተደረደሩባት፣ የብየዳ ሽታ ያላት ጠባብ ክፍል ነች። ሰላምታ እንኳ ሳላስቀድም “ማስታወቂያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ” አልኩት። መሳቢያውን ከፍቶ አንዱን ቅጂ አወጣ።

“ጽሑፍዎ ያምራል” አለኝ። “አንድም ስሕተት የለበትም። ሰው ሁሉ አንብቦ ገብቶታል።”

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ቃል ከሰው አፍ ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር። ያን ቀን ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የሚጠገን ዕቃ ይዞ የሚመጣ ሰው ከዚያ ወዲህ ግማሽ በግማሽ ቀንሶበታል፤ “የማንን ዕቃ እንዳልመለስኩ ለማስታወስ ደብተሬን ስገለብጥ ሰነበትኩ” አለ።

ከዚያ አንሶላውን ገለጠው። ዕቃችን ሙሉ ነው፤ ሙሉ ብቻ ሳይሆን ማንም ሳያዘው እንጨቱን ወልውሎ ቫርኒሽ ቀብቶታል። ያን ቀን መጋረጃውን የሳበው የከሰዓት በኋላ ፀሐይ ቫርኒሹን እንዳይጎዳው ብሎ ነው። ሸክላውን የሚያዞረው የላስቲክ ቀበቶ ተበጥሶ ስለነበር ከብስክሌት የውስጥ ጎማ ቆርጦ ሠርቶለታል፤ ፍጥነቱ ልክ እስኪመጣ አምስት ጊዜ ቆርጦ አምስት ጊዜ ጥሏል። የቴሌቪዥኑን የተቃጠለ ክፍል ደግሞ ከሌላ ከሞተ ቴሌቪዥን አውጥቶ ተካለት። ይህ ሁሉ የተጠናቀቀው በዘጠነኛው ቀን ነው። አዎን ክቡር ሆይ፣ በዘጠነኛው ቀን። ባለሙያው ታሞ አያውቅም፤ ከውጭ አገር የታዘዘ ዕቃም የለም።

“ታዲያ ለምን አልነገርከንም?” አለው የስልክ መስመር ሠራተኛው እየተቆጣ።

“የናንተ መሆኑን ማን ነገረኝ? የተሰጠኝ ወረቀት ‘አንድ ያረጀ ሳጥን’ ነው የሚለው። ቢሮውን የማን ነው ብዬ ስጠይቅ ‘የቢሮው ነው፣ ይቆይ’ አሉኝ።” ደብተሩን አሳየን። “አልቋል፣ ውሰዱልኝ” ለማለት አሥራ ሰባት ጊዜ ቢሮዎ ተመላልሷል፤ ከእያንዳንዱ ቀን አጠገብ “ይቆይ ተባልኩ” ብሎ ጽፏል። ከደብተሩም ውስጥ፣ ያለ ጽሕፈት ቤቱ የጽሑፍ ትዕዛዝ የቢሮው ሳጥን ከሱቁ እንዳይወጣ የሚያዝ፣ የክቡርነትዎ ፊርማ ያለበት ወረቀት ታጥፎ ተቀምጧል። ፊርማዎ እጅግ ግልጽ ነው።

ይቅርታ ጠየቅኩት። የብየዳ ካውያውን ከሶኬት ነቀለ፣ ጠረጴዛውን ጠረገ። “ያንን ያነበበ ሁሉ ሌላውንም ማንበብ አለበት፤ በዚያው ጽሑፍዎ፣ በዚያው መጠን” አለኝ። ቃል ገባሁለት። ከዚያ ትዕዛዝዎን እንደገና ካነበበ በኋላ “እንዳላወጣ የተከለከልኩት የቢሮውን ሳጥን ነው፤ ይህ ደግሞ የናንተ ቴሌቪዥን ነው” ብሎ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተልን።

ከጎረቤት አናጢ ጋሪውንም ራሱንም ተውሰን፣ ዕድሜያችን ቢደመር ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የሚሆን አምስት ሰዎች ጋሽ ሽቦን ጨምረን እየገፋን መጣን። ነርሷ ከፊት እየቀደመች በአንድ እጇ መኪና ታስቆማለች። የግቢው በር ጠባቂ “ያለ ወረቀት ዕቃ አይገባም” ቢለን የጸሐፊዎን ደረሰኝ ሰጠሁት። አነበበ፣ የሚያብረቀርቀውን እንጨት ዞር ብሎ አየ፣ “ያረጀ እንኳ አይመስልም” አለና አሳለፈን።

በማግስቱ አሥራ ሰባት ሰዎች ፈረሙ። ከአሥራ ሰባቱ ግን መርፌውን ለማንሳት የደፈረ አልነበረም። በመጨረሻ ነርሷ አስቀመጠችው፤ የካፒቴን ባለቤት ትወደው የነበረውን ሸክላ። የስልክ መስመር ሠራተኛው ለካፒቴን ደውሎ፣ አንድም ቃል ሳይናገር ስልኩን ከድምፅ ማጉያው ጨርቅ ጋር አስጠግቶ ያዘ። ሸክላው አልቆ መርፌው ሲንሿሿ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። የሚተነፍስ ሰው ይሰማኛል። “ማነው ያስቀመጠው? እጁ ከባድ ነው” አለኝ። ትመጣለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። “የት ቤት አለኝና እመጣለሁ፣ እትዬ” አለ። አሁን በየሐሙሱ በአሥር ሰዓት እንደውልለታለን፤ እሱ እስከ መጨረሻው ይሰማል፣ የነርሷን እጅ ይወቅሳል፣ ከዚያ ጨዋታ ይጀምራል። ክቡር ሆይ፣ ከዘረዘርኩት ሁሉ ጋሽ ሽቦም ሆነ ሌላ ባለሙያ ሊያስተካክለው ያልቻለው ይህን አንዱን ነው፤ እንዳይረሳ በሚል በስምዎ አስመዝግቤዋለሁ።

የሰጡን አሥራ አምስት ቀን አልፏል። በአሥራ ስድስተኛው ቀን እነዚያው ሁለት ተሸካሚዎች የመዝገብ ካርቶን ተሸክመው መጡ፤ ክፍሉ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ሰው ሲያዩ ካርቶኖቹን መሬት አስቀምጠው ትንሽ ቆሙ፣ አንደኛው ካርቶኑ ላይ ተቀመጠ፤ ሸክላው ሲያልቅ ተነሥተው የመጡበትን ይዘው ተመለሱ። ከእነሱ በኋላ የመጣ ሰው የለም። የክቡርነትዎ የሩብ ዓመት ሪፖርት ግን ደርሶናል። በስድስተኛው ገጽ ላይ “የጡረተኞችን የመዝናኛ መሣሪያ በተሳካ ሁኔታ አስጠግነን አስረክበናል” የሚል አንብበን አፋችንን በእጃችን ይዘናል። እንኳን ደስ ያለዎት።

የምጠይቅዎ ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ፣ ክፍሉን ለማስለቀቅ የጻፉትን ደብዳቤ በሌላ ደብዳቤ ይሻሩት፤ ቀኑን እኔ እንዳላርመው በትክክል ይጻፉት። ሁለተኛ፣ ጋሽ ሽቦን ይቅርታ ይጠይቁት። እኔ የእኔን ድርሻ በሦስቱም በሮች ላይ ለጥፌያለሁ፤ ከአጠገቡ የክቡርነትዎን የሚያህል ባዶ ቦታ ትቻለሁ።

ለክቡርነትዎ ከፍተኛ አክብሮት፣ ከአክብሮቴም የማያንስ ጥርጣሬ ያለኝ፣ ረጅም ዕድሜና ከአሁን በኋላ አጫጭር ስብሰባዎችን የምመኝልዎ፣

የጡረተኞች ክፍል ጸሐፊ
(እትዬ አራሚ)

ግልባጭ፦
ለበላይ ቢሮው፣
ለሦስቱም ሕንፃዎች መግቢያ በሮች፣
ለጋሽ ሽቦ፣
ለካፒቴን፣ በሴት ልጁ አድራሻ።

ማስታወሻ፦ የግድግዳ ሰዓታችን ከትናንት ወዲያ ቆሟል። የክቡርነትዎን ደግነት ስለምናውቀው፣ ማንም አይቶ ለቢሮዎ እንዳይነግርብን ጠረጴዛ ሥር ደብቀነዋል።